ከመጠምጠም መማር ይቅደም፦ የቋንቋና የመሠረተ ትምህርት የመስክ ባለሙያ ለመሆን መንገዱ የት ነው?

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ከሕግ ትምህርት ቤት በወጣሁ ማግስት፣ ለሥራ ጉዳይ በሄድኩበት አንድ ወረዳ ችሎት ተቀምጬ እከታተል ነበር። ተከሳሹ በበሬ ስርቆት የተከሰሰ ጎልማሳ ነው። አማርኛ አይችልም። መደበኛ አስተርጓሚ ስላልነበረ ከግቢው ውጭ ሻይ የሚሸጥ ወጣት ተጠርቶ መጣና ምሎ ቆመ። ዳኛው “ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይስ አልፈጸምክም?” ሲሉ ጠየቁ። ሰውየው በቋንቋው ብዙ ተናገረ፤ እጁን እያወራጨ፣ አንዴም በመስኮት ወደ ውጭ እያመለከተ። ወጣቱ ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ “አዎ ይላል” አለ። መዝገቡ ላይም እንዲሁ ተጻፈ።

ችሎቱ ሲነሣ ቋንቋውን የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ነገሩኝ። ሰውየው ያለው “በሬውን ወስጃለሁ፤ ግን በሬው የእኔ ነው፤ ለእርሻ ብዬ ለዘመዴ አውሼው ሳይመልስልኝ ቀርቶ ነው” ነበር። በወንጀል ሕግ ዓይን “አዎ” እና “አዎ፣ ግን የራሴ ነው” ሰማይና ምድር ናቸው። ወጣቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያልተማረውን ሥራ እንዲሠራ ተጠርቶ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በዚህ ጉዳይ ለጋስ ነው። አንቀጽ 5 ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 2 እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋውን የማሳደግ መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ የፍርድ ሂደቱ በማይገባው ቋንቋ ከሆነ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት ያዛሉ። መብቱ ተጽፏል። መብቱን የሚያስፈጽመው የሠለጠነ ሰው ግን በአዋጅ አይገኝም፤ ተምሮ ነው የሚገኘው። ለመሆኑ ይህን ሙያ የሚፈልግ ወጣት የት ገብቶ፣ ምን ተምሮ ይወጣል? ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንኑ ነው።

ጥያቄው የሩቅ አይደለም። “ልጄ ሥነ ልሳን ተመደበ፤ ምን ይበጀዋል?” ብለው የሚጠይቁኝ ወዳጆች ጥቂት አይደሉም። ፊታቸው ላይ ሐዘን አያለሁ። ሐዘኑ ካለማወቅ የመጣ ነው ባይ ነኝ።

ሥራው ምንድን ነው?

የመስክ ሥነ ልሳን ባለሙያ ማለት ቋንቋው በሚነገርበት ቦታ ተገኝቶ፣ ከተናጋሪዎቹ ጋር ተቀምጦ፣ ድምፁን፣ ቃላቱንና ሰዋስውን የሚመዘግብና የሚተነትን ሰው ነው። የመሠረተ ትምህርት ባለሙያ ደግሞ ያ ቋንቋ የሚጻፍበትን ሥርዓት ከማኅበረሰቡ ጋር ይቀርጻል፤ የፊደል ገበታና የንባብ መጻሕፍት ያዘጋጃል፤ መምህራን ያሠለጥናል። አንዱ የሌላው መሠረት ነው። የቋንቋውን ድምፆች በትክክል ያልለየ ሰው የሠራው ፊደል ልጁን ከማስተማር ይልቅ ያደናግረዋል።

ይህን ለመረዳት ከአማርኛችን መጀመር ይቻላል። “ገና” ስንጽፍ ላልቶ ሲነበብ “ገና አልመጣም” እንደምንለው ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። “ዋና” ላልቶ ውኃ ውስጥ ነው፤ ጠብቆ ደግሞ ኃላፊ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ እኛ ግን አፋችንን የፈታንበት ስለሆነ ከአገባቡ እናውቀዋለን። አሁን ወደ ቤንች ቋንቋ እንሂድ። አጥኚዎች በዚህ ቋንቋ ስድስት ቃናዎችን ለይተዋል፤ አምስቱ በከፍታና በዝቅታ የሚለያዩ እርከኖች ሲሆኑ፣ አንዱ ከዝቅ ወደ ከፍ የሚሄድ ነው። ያው ቃል ቃናው ሲለወጥ ትርጉሙ ይለወጣል። ጆሮው ያልሠለጠነ ሰው ስድስቱን እንደ አንድ ይሰማል፤ እንደ አንድ ይጽፋል፤ መጽሐፉን የሚያነበው ልጅ ደግሞ ይጠፋበታል።

ከየት ተነሣን?

ሙያው ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከባርነት ነፃ የወጡት ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉመው በግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1899 አሳትመዋል። አብራቸው የሠራችውና እንደ እርሳቸው ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ የምታስታውሳቸውን ቃላት፣ ተረቶችና ዘፈኖች መዝግባለች፤ እ.ኤ.አ. በ1894 የታተመው የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ የሁለቱ ድካም ውጤት ነው። በእኔ እምነት አስቴር ጋኖ ከዘመናዊዎቹ የቋንቋ መዝጋቢዎቻችን የመጀመሪያዋ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1968 እና 1969 የውጭና የአገር ውስጥ ምሁራን የተሳተፉበት ሰፊ የቋንቋ ዳሰሳ ተካሂዶ ውጤቱ በ1976 በመጽሐፍ ታትሟል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በጥቂት ቋንቋዎች ተነሥቶ 15 ቋንቋዎች ደርሷል፤ ሁሉም በግዕዝ ፊደል የተጻፉ ነበሩ። በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ የላቲን ፊደል እንዲጠቀም ሲወሰን ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ የአናባቢዎች ርዝመትና የተናባቢዎች መጥበቅ በግዕዝ ፊደል በቀላሉ አለመታየታቸው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ አደረገ። ከዚያ በኋላ የሥራው ብዛት ከባለሙያው ቁጥር ጋር አልተመጣጠነም።

ሳይማሩ መግባት የሚያስከፍለው

ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ሁለት ማስረጃ ልጥቀስ።

የመጀመሪያው “ወጋጎዳ” ነው። የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተቀራራቢ መሆናቸውን ሥነ ልሳን ያውቃል፤ ሁሉም ኦሜቶ ከሚባለው ቡድን ናቸው። ይህን መቀራረብ ይዘው አራቱን አዋሕደው ከስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት “ወጋጎዳ” የተባለ አንድ የመማሪያ ቋንቋ ያዘጋጁ ሰዎች መጻሕፍቱን አሳትመው ወደ ትምህርት ቤት ላኩ። በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ በወላይታ ሶዶ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ተሰበሰቡ። የሰሜን ኦሞ ዞንም ብዙ ሳይቆይ ተከፋፈለ። የቃላቱ ንጽጽር ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቶቹን መጠየቅ ግን ከንጽጽሩ ይቀድም ነበር። ሰው ቋንቋውን የሚቆጥረው እንደ ስሙ ነው።

ሁለተኛው ደም ያልፈሰሰበት ነው፤ ግን ብዙ ሕፃናትን ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2010 በተካሄደው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከተመዘኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ለደረጃቸው ከተዘጋጀ ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች የሚማሩት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነበር። በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ መጽሐፉ ከቀላል ድምፅ ወደ ከባድ የተደራጀ፣ መምህሩም ንባብን እንዴት እንደሚያስተምር የተማረ መሆን አለበት። ይህ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

የመጀመሪያው እርከን፦ ዲግሪ

ዋናው በር የሥነ ልሳን የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ረገድ አንጋፋ ነው። የፕሮፌሰር ባየ ይማም “የአማርኛ ሰዋስው” የዚሁ ትምህርት ክፍል ፍሬ ሲሆን፣ ወደ ሙያው ለመግባት የሚያስብ ወጣት በቅድሚያ ሊያነበው የሚገባ መጽሐፍ ነው። ተማሪው የሚያገኛቸው ትምህርቶች ሥነ ድምፅ፣ ሥነ ምዕላድ፣ ሥነ አገባብ፣ ሥነ ትርጉምና ቋንቋ በኅብረተሰብ ውስጥ ያለውን ቦታ የሚያጠናው ዘርፍ ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ ቸል ሊባል የማይገባው ሥነ ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሥነ ድምፅ ማኅበር ያወጣቸውን ምልክቶች በእጅ መጻፍና በጆሮ መለየት እንደ ሐኪም የልብ ማዳመጫ ነው። ሰንጠረዡን ለፈተና ሸምድዶ የሚረሳ ተማሪ መስክ ሲወጣ ባዶ እጁን ነው።

በዚህ በር ብቻ ካልሆነ አይገባም ማለት ግን አይደለም። በአካባቢ ቋንቋ ያስተማሩ መምህራን፣ ሶሺዮሎጂ የተማሩ፣ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች፣ የእኔ ቢጤ የሕግ ሰዎችም በሁለተኛ ዲግሪ ወይም በአጭር ሥልጠና ሊገቡ ይችላሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀምሯል፤ መስማት ለተሳናቸው ወገኖቻችን ይህም የመስክ ሥራ ነው።

ሁለተኛው እርከን፦ የመስክ ዘዴ

ባለሙያን ከተመራቂ የሚለየው የመስክ ዘዴ ትምህርት ነው። በዚህ ትምህርት ተማሪዎች ከማያውቁት ቋንቋ ተናጋሪ ጋር አንድ መንፈቀ ዓመት ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ቃላት፣ ቀጥሎ ዓረፍተ ነገር፣ በመጨረሻም ተረትና ጨዋታ እየቀዱ ይተነትናሉ።

ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጠያቂው በአማርኛ “እጅ ምን ይባላል?” ይላል። በአማርኛ እጅ ከትከሻ እስከ ጣት ያለው ሁሉ ነው። በሌላው ቋንቋ ግን ክንድና መዳፍ ለየብቻ ስም ሊኖራቸው ይችላል። ጠያቂው በጣቱ ካመለከተ ደግሞ የሚሰጠው መልስ “ጣት” ሊሆን ይችላል። በብዙ ቋንቋዎች የአካል ክፍል ስም ከባለቤቱ ተነጥሎ አይጠራም፤ ስለዚህ “እጅ” ብለው የመዘገቡት “እጅህ” ወይም “እጄ” ሆኖ ይገኛል። ይህን ስሕተት አስተማሪው ፊት ክፍል ውስጥ ሠርቶ መታረም፣ መዝገበ ቃላት ካሳተሙ በኋላ ከመታረም ይሻላል።

የመስክ ዘዴ ስለ ሰውም ያስተምራል። ከዩኒቨርሲቲ የትብብር ደብዳቤ ይዞ በዞን፣ በወረዳና በቀበሌ በኩል ማለፍ አለ። ሽማግሌዎቹን አስቀድሞ ማነጋገር አለ። ቡና ሳይጠጡና የቤቱን ሰው ደኅንነት ሳይጠይቁ መቅረጸ ድምፅ ማውጣት ነውር ነው። ለጊዜያቸው ተገቢውን መክፈል፣ ሥራው ሲያልቅም የቅጂውን ድርሻ መመለስ ግዴታ ነው።

ሦስተኛው እርከን፦ መሣሪያ

የዛሬ ባለሙያ ከደብተር በተጨማሪ መሣሪያ ይፈልጋል። ደግነቱ ዋና ዋናዎቹ ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ። ፕራት ድምፅን በምስል አሳይቶ ይተነትናል። ኢላን ድምፅንና ቪዲዮን ከጽሑፉ ጋር ያያይዛል። ፍሌክስ መዝገበ ቃላትና የሰዋስው ትንተና ያደራጃል። ብሉም ለጀማሪ አንባቢ የሚሆኑ መጻሕፍት በአካባቢ ቋንቋ ለማዘጋጀት ይረዳል።

ፊደልም በኮምፒዩተር ካልተወከለ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ ገባ። በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ደግሞ ጉራጊኛን ጨምሮ ለሌሎች ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨምረዋል። ይህ በራሱ አልመጣም፤ ቋንቋውንና ቴክኖሎጂውን አብረው የሚያውቁ ሰዎች ማስረጃ አቅርበው ነው።

አራተኛው እርከን፦ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ

እዚህ ላይ ሙያው ቅርንጫፍ ያወጣል። አንዱ ሰነዳ ነው፤ ሊጠፉ የተቃረቡ ቋንቋዎችን መመዝገብ። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1947 ጋፋትኛ የሚናገሩ አራት ሰዎች ብቻ አግኝቶ ነበር፤ ዛሬ ያን ቋንቋ የምናውቀው እነርሱ ስለተጠየቁ ነው። በደቡብ ምዕራብ፣ በወይጦ ወንዝ አካባቢ የሚኖሩት ኦንጎታዎች በአብዛኛው ወደ ፀማይ ቋንቋ ዞረው የአባቶቻቸውን ቋንቋ የሚያውቁት በጣት የሚቆጠሩ አረጋውያን ሆነዋል። ሌሎቹ ቅርንጫፎች የመሠረተ ትምህርትና የሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት፣ ትርጉም፣ የቋንቋ ዳሰሳና የቋንቋ ፖሊሲ ናቸው።

በአገር ውስጥ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ያስተምራል። እርሱና የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ከሁለት የኖርዌይ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ባካሄዱት የአቅም ግንባታ ፕሮጀክት ትኩረት ያላገኙ ቋንቋዎችና የምልክት ቋንቋ ተጠንተዋል፤ የዶክትሬት ተማሪዎችም ሠልጥነዋል።

ከአገር ውጭ የሐዋይ ዩኒቨርሲቲ በቋንቋ ሰነዳና ጥበቃ የማስተርስ ትምህርት አለው፤ በመስኩ የሚያወጣው መጽሔትም በኢንተርኔት በነፃ ይነበባል። ኮላንግ የሚባለው የበጋ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የተጀመረ ሲሆን፣ ምሁራንንና የማኅበረሰብ አባላትን በአንድ ክፍል ያስተምራል። ኤስ.አይ.ኤል. የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1934 በአርካንሳስ በበጋ ሥልጠና ነው የተጀመረው፤ መነሻው መጽሐፍ ቅዱስን መተርጎም ቢሆንም በፊደል ቀረጻና በመሠረተ ትምህርት ሥልጠና ረጅም ልምድ አለው። ከእርሱ ጋር የተሳሰረው የዳላስ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ በዚሁ መስክ ዲግሪ ይሰጣል። ለመስክ ወጪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 በለንደን የተጀመረውና በ2021 ወደ በርሊን የተዛወረው ለጥፋት የተጋለጡ ቋንቋዎች ሰነዳ ፕሮግራም የገንዘብ ድጋፍ ይሰጣል። አመልካቹ የሚያቀርበው እቅድ የማኅበረሰቡን ፈቃድና ተሳትፎ የሚያሳይ ሲሆን ይመረጣል።

ማን ይቀጥራል?

እውነቱን መናገር ይሻላል፤ በዚህ ሙያ ሀብታም የሆነ ሰው አላውቅም። ቀጣሪዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የክልል ትምህርት ቢሮዎች፣ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች፣ መገናኛ ብዙኃን፣ የትርጉም ድርጅቶችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ገንዘብ በሰባት ቋንቋዎች የንባብ መጻሕፍት ሲዘጋጁ ለብዙ ባለሙያዎች ሥራ ተገኝቶ ነበር። ድርጅቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘግቷል። በሌላ ሰው በጀት ላይ የተንጠለጠለ ሙያ ገመዱ ሲበጠስ አብሮ ይወድቃል።

አዲስ በርም ተከፍቷል። ጉግል የትርጉም አገልግሎቱ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 ኦሮምኛንና ትግርኛን፣ በ2024 ደግሞ አፋርኛን አስገብቷል። ማሽኑ የሚማረው በሰው ከተዘጋጀ ጽሑፍና ድምፅ ነው፤ ትክክለኛነቱን የሚፈትሸውም ሰው ነው። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ከአማርኛ ሌላ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ አቅጣጫ አስቀምጧል። ይህ ከልብ ተግባራዊ ይሁን ከተባለ ለችሎት፣ ለሆስፒታልና ለፓርላማ የሚያስፈልገው አስተርጓሚና የቃላት አዘጋጅ ከየት ይመጣል? በጀቱ ውስጥ ለሥልጠና የተያዘ ገንዘብ ከሌለ ፖሊሲው የሻይ ሻጩን ልጅ መልሶ መጥራቱ አይቀርም።

ሕጉም አይዘንጋ

የሕግ ሰው ነኝና አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የሰው ድምፅ ከስሙ ጋር ሲቀረጽ የግል መረጃ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ቀደም ብሎ አለ። አንዲት እናት ለተመራማሪ የነገሩት ተረት ነገ በመጽሐፍ ወይም በማሽን ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ፈቃዳቸው በሚገባቸው ቋንቋ ይጠየቅ፤ ማንበብ የማይችሉ ከሆነም ፈቃዱ በድምፅ ይቀረጽ። “አይሆንም” ካሉ አይሆንም ነው።

ለወላጆችና ለወጣቶች

ወጣቱ ከመመዝገቡ በፊት ራሱን ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። የማላውቀውን ቋንቋ ለመስማት ትዕግሥት አለኝ? ከከተማ ርቄ ወራት መቀመጥ እችላለሁ? ያልተማረ ሰው ሲያርመኝ አልቆጣም? ሦስቱንም “አዎ” ካለ መንገዱ ይህ ነው፦ አራት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከእርሱ ውስጥ ሥነ ድምፅና የመስክ ዘዴን በደንብ፤ ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት ዓመት በትምህርት ቢሮ ወይም በፕሮጀክት ከልምድ ባለቤት ሥር፤ ከዚያ ሁለተኛ ዲግሪ። ልምዱ ሳይኖር ዲግሪ በዲግሪ ላይ መደራረብ አልመክርም። የአካባቢው ቋንቋ አፍ መፍቻው የሆነ ወጣት ደግሞ ከማንም ቀድሞ ሊበረታታ ይገባል፤ የውጭ ተመራማሪ በአምስት ዓመት የሚደርስበትን እርሱ ከቤቱ ይዞት ይመጣል፤ የሚጎድለው ሥልጠናው ነው።

ያ በበሬ የተከሰሰ ሰው ጉዳዩ በኋላ ምን እንደሆነ አልተከታተልኩም፤ ወጣት ነበርኩ፣ ሥራዬን ጨርሼ ተመለስኩ። ዛሬ ይጸጽተኛል። ልጁ ሥነ ልሳን የተመደበበት ወዳጄ በድጋሚ ቢጠይቀኝ ግን የምመልስለት አለኝ። ልጅህ በደንብ ይማር፤ አንድ ቀን በአንድ ችሎት ቆሞ፣ ሰው የተናገረውን ሁሉ ሳያጎድል ይናገርለታል።

ቸር ይግጠመን።